ከባዱ አረር ለምን በጎኑ ይመታል? ባሩድ መጨመርስ ያድነዋል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው 308 ዊንቸስተር የተባለውን የጥይት ዓይነት የሚተኩስ፣ መዝጊያው በእጅ የሚሳብ ጠመንጃ አላቸው። ጥይታቸውን ራሳቸው ይሞላሉ። 168 ግሬን በሚመዝን የውድድር አረር ለዓመታት ተኩሰው በ100 ሜትር ላይ አምስቱም ቀዳዳ በአውራ ጣት ይሸፈን ነበር። አሁን ለአደንም ለኢላማም የሚሆን ከባድ አረር ፈልገው 220 ግሬን የሚመዝን፣ ጫፉ ሹል፣ ጭራው የጠበበ ረጅም አረር ገዙ። በሞቃቱ ወራት ሲሞክሩት ቀዳዳዎቹ ክብ ሆኑ፤ ይሁን እንጂ ተበታተኑ። ቅዝቃዜው ሲገባ በማለዳ ወጥተው ሲተኩሱ ወረቀቱ ላይ ያገኙት ሞላላ ቀዳዳ ነው፤ አንዱማ የአረሩን ቁመና ከነጭራው አትሞ አልፏል። ፍጥነቱን በመለኪያ ሲያዩት 730 ሜትር በሰከንድ ነው። «ፍጥነት ያነሰው ይመስለኛል። ከሰንጠረዡ ጣሪያ ትንሽ አለፍ ብዬ ባሩድ ብጨምርለት ይስተካከላል ወይ?» ይላሉ። ሰንጠረዥ የሚሉት አምራቾች ለየአረሩ የሚሞላውን የባሩድ ልክ ከታችኛው መነሻ እስከ ላይኛው ጣሪያ የሚያሳዩበትን ነው።

አይስተካከልም፤ አይጨምሩም። ጥፋቱ ያለው ባሩዱ ላይ ስላልሆነ ባሩዱ ሊያርመው አይችልም። ሌላው ቀርቶ ጠመንጃዎን አደጋ ላይ ጥለው የሚያገኙትን ጥቅም በቁጥር አስልቼ ላሳይዎት እችላለሁ፤ ሲያዩት ይገረማሉ።

አስቀድሜ በቃላት እንግባባ። «አረር» የምለው ከአፈሙዙ የሚወጣውን ብረት ብቻ ነው። «ጥይት» የምለው ቀለሃው፣ መለኮሻው፣ ባሩዱና አረሩ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። «ቱቦ» የምለው አረሩ እየተሽከረከረ የሚያልፍበትን ረጅም ብረት ነው፤ በውስጡ የተቀረጸውን ጠመዝማዛ ቦይ «ጥምዝ» እለዋለሁ። ግሬን ደግሞ 0.0648 ግራም ነው፤ ስለዚህ የቀድሞው አረርዎ 10.9 ግራም፣ አዲሱ 14.3 ግራም ይመዝናል።

አረር በጎኑ የሚመታበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ቱቦው ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ የአፈሙዙ ከንፈር ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ አረሩ ከቱቦው የጠበበ ወይም በመውጫው ላይ ከተገጠመ ዕቃ ጋር የተነካካ ሊሆን ይችላል። እርስዎ ግን እነዚህን ሁሉ ባንድ ዓረፍተ ነገር ዘግተውልኛል፤ ያው ጠመንጃ ባለ 168 ግሬኑን አረር እስከ ዛሬ አሳምሮ ይመታል። የተበላ ቱቦ አንዱን አረር መርጦ ሌላውን አይጠላም። ሁለተኛው ፍንጭ የአየሩ ጠባይ ነው። ሙቀት ሲሆን ክብ፣ ቅዝቃዜ ሲሆን ሞላላ። ይህንን ያነበብኩ ጊዜ መልሱ ዘጠና በመቶ ታወቀኝ፤ የቀረው አንድ ቁጥር ነው፣ እሱንም ጥያቄዎ ውስጥ አላገኘሁትም። የቱቦዎ ጥምዝ በስንት ኢንች አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል?

ነገሩ የእንዝርት ነገር ነው። እንዝርት በፍጥነት እስከ ሾረ ድረስ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሹረቱ ሲደክም ይወላገድና ይወድቃል። አረርም እንዲሁ ነው። አየሩ ፊት ለፊት ሲገፋው የግፊቱ መዋያ ከክብደቱ መሃል ቀድሞ ወደ ጫፉ ያጋድላል፤ ስለዚህ አየሩ ዘወትር ሊገለብጠው ይታገላል። የሚያድነው ሹረቱ ብቻ ነው። አረሩ በረዘመ ቁጥር አየሩ የሚይዘው እጀታ ይረዝማል፤ ለመገልበጥም ይቀላል። እንግዲህ ልብ ይበሉ፦ «በረዘመ ቁጥር» አልኩ እንጂ «በከበደ ቁጥር» አላልኩም። እንዲያውም ርዝመቱ ሳይለወጥ ክብደቱ ብቻ ቢጨምር አረሩ ይበልጥ ይረጋጋ ነበር። ከባድ አረር ሲገዛ ሁሉም ሰው የሚያነበው በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ግሬን ነው፤ ጠመንጃው ግን የሚያነበው ርዝመቱን ነው። ሳጥኑ ላይ ርዝመቱ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ይህ ሁልጊዜ ያበሳጨኛል።

እ.ኤ.አ. በ1879 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አልፍሬድ ጆርጅ ግሪንሂል የተባለ፣ በእንግሊዝ አገር በዉሊች የመድፈኛ መኮንኖችን ያስተምር የነበረ የሒሳብ ሊቅ ለዚህ ጉዳይ አንድ ቀላል ስሌት አወጣ። የአረሩን ስፋት በራሱ ያባዙ፤ ውጤቱን በ150 ያባዙ፤ በአረሩ ርዝመት ያካፍሉ። የሚያገኙት ጥምዙ አንድ ዙር ለመዞር የሚገባው ርቀት ነው። የእርስዎ አረር ስፋቱ 7.82 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 168 ግሬኑ የውድድር አረር ርዝመቱ 31 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ስሌቱ 296 ሚሊ ሜትር ወይም 11.7 ኢንች ይሰጣል። እርስዎ እንደገዙት ያለ ሹልና ጭራ ጠባብ ባለ 220 ግሬን አረር ደግሞ 40 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ስሌቱ 229 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 9 ኢንች ይላል። በገበያ ላይ ያሉት የ308 ጠመንጃዎች በአብዛኛው ባለ 12 ወይም ባለ 10 ኢንች ጥምዝ ናቸው። የእርስዎ ባለ 12 ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ባለ 10 ቢሆን ኖሮ ይህንን ጥያቄ ባልጻፉልኝ ነበር።

ባለ 12 ኢንቹ ጥምዝ እንዲያው የመጣ አይደለም። 308 ዊንቸስተር በ1952 ለገበያ ሲቀርብ፣ ወንድሙ የሆነው የኔቶ 7.62 በ51 ጥይትም በ1954 ሲጸድቅ፣ ሁለቱም የታሰቡት 150 ግሬን አካባቢ ለሚመዝን አረር ነው። ለእንዲህ ያለ አጭር አረር 12 ኢንች ይበቃል፤ ይተርፋልም። የቀድሞው የአሜሪካ ጦር ጥይት ታሪክ ግን ተቃራኒ ነው። በ1903 የወጣው ጥይት ጫፉ ድቡልቡል የሆነ የ220 ግሬን አረር ነበረው፤ ጥምዙም በ10 ኢንች ተሠራ። በ1906 አረሩ ተለውጦ ባለ ሹል ጫፍ 150 ግሬን ሲሆን፣ ማለትም ዛሬ 30-06 ስፕሪንግፊልድ የምንለው ሲወለድ፣ ጥምዙ እንደነበረ ቀረ። ስለዚህ 30-06 የያዘ ወዳጅዎ ያንኑ ረጅም አረር ያለ ችግር ሊተኩሰው ይችላል፤ እርስዎ ደግሞ በ308 ሲሞክሩት ይገለበጣል። ወዳጅዎ ከእርስዎ የተሻለ ጥይት ሞላ ማለት አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት በተወሰነ ውሳኔ እየተጠቀመ ነው።

አሁን ወደ ሙቀትና ቅዝቃዜው እንምጣ፤ ጥያቄዎን ከሌሎች የለየው ይህ ነው። የግሪንሂል ስሌት አየሩን አይጠይቅም። በ2005 ዶን ሚለር የተባለ አሜሪካዊ ያወጣው ስሌት ግን የአረሩን ክብደት፣ ርዝመት፣ ፍጥነትና የአየሩን ሁኔታ አስገብቶ አንድ የመረጋጋት ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ ከ1 በታች ከሆነ አረሩ ይገለበጣል። ከ1 በላይ ሆኖ እስከ 1.5 ድረስ ካልደረሰ አይገለበጥም፤ ግን እየተወዛወዘ ይበራል፤ አየሩም ከሚገባው በላይ ይጎትተዋል። 1.5 እና ከዚያ በላይ ሲሆን አረሩ እንደ ልቡ ነው። የእርስዎን አረር በባለ 12 ኢንች ጥምዝ፣ በ730 ሜትር ፍጥነት፣ በባሕር ወለል ከፍታና በ15 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አሰላሁት፤ 1.02 መጣ። በጠርዝ ላይ የቆመ ማለት ነው። ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲሆን አየሩ ስለሚሳሳ ቁጥሩ 1.07 ይደርሳል፤ ቀዳዳው ክብ ይሆናል፤ ግን ውዝዋዜው አረሩን ይበትነዋል። 0 ዲግሪ ሲሆን አየሩ ስለሚወፍር 0.97 ይወርዳል። ከ1 በታች! እነሆ ሞላላው ቀዳዳ። በእርስዎ ዘንድ ቅዝቃዜው ይህን ያህል ባይሆንም እንኳ፣ ባሩዱ ራሱ በብርድ ጊዜ ትንሽ ስለሚቀዘቅዝ ፍጥነቱም ይወርዳልና ጠርዙን ለማለፍ ብዙ አያስፈልግም። በከፍታ ቦታ የሚተኩስ ሰው አየሩ ስስ ስለሆነ ይህ ችግር ዘግይቶ ይገለጥለታል፤ ያንኑ ጥይት ይዞ ወደ ቆላ ሲወርድ ግን ይደነግጣል።

ባሩድ ቢጨምሩስ? ፍጥነት በዚህ ስሌት ውስጥ የሚገባው በሦስተኛ ሥሩ ነው። ሌላውን ሁሉ ትተን ፍጥነቱን በ5 በመቶ ከፍ አድርገው 767 ሜትር አደረሱት እንበል። በቅዝቃዜው ማለዳ 0.97 የነበረው 0.98 ወይም 0.99 ቢሆን ነው፤ አሁንም ከ1 በታች። በሌላ በኩል ጥምዙ የሚገባው በራሱ ተባዝቶ ነው። ከባለ 12 ወደ ባለ 10 ኢንች ቱቦ ቢሻገሩ ቁጥሩ በ1.44 ይባዛል፤ 1.02 የነበረው 1.47 ይሆናል፤ በ0 ዲግሪም ወደ 1.4 ይጠጋል። አንዱ መንገድ በመቶ አንድ ተኩል ያህል ይሰጣል፣ ሌላው በመቶ አርባ አራት። እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ ባለ 12 ኢንቹ ቱቦ አረርዎን በሰከንድ 2,395 ጊዜ ያሾረዋል፤ ባለ 10 ኢንቹ 2,874 ጊዜ።

ያች አንድ ተኩል በመቶ በምን ዋጋ እንደምትገኝም ይስሙ። ባሩድ በመጨመር ፍጥነት ሲወጣ የቀለሃው ውስጥ ግፊት ፍጥነቱን ተከትሎ እኩል አይወጣም፤ በእጥፍና ከዚያ በላይ ይሮጣል። ለ308 ዊንቸስተር በአሜሪካ የጥይት አምራቾች ደንብ የተቀመጠው ከፍተኛ አማካይ ግፊት 62,000 ፒ.ኤስ.አይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ነው፤ በአውሮፓው ደንብ 4,150 ባር። በባሕር ወለል ላይ ከምንተነፍሰው አየር ግፊት አራት ሺህ ጊዜ ያህል ነው፤ ከፊትዎ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተዘግቶ የተቀመጠ። የሰንጠረዡ ጣሪያ እዚያ ጋ የተሠራው ለጌጥ አይደለም።

ከባድ አረር ደግሞ ጣሪያውን ራሱ ዝቅ ያደርገዋል፤ ይህንን ብዙ ሰው አያስተውልም። የ308 ቀለሃ ርዝመት 51.2 ሚሊ ሜትር፣ የሙሉው ጥይት ርዝመት በደንቡ እስከ 71.4 ሚሊ ሜትር ነው። 31 ሚሊ ሜትር የሆነው አረር በዚህ ርዝመት ሲቀመጥ 11 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ቀለሃው ይገባል፤ ባለ 40 ሚሊ ሜትሩ ግን 20 ሚሊ ሜትር ያህል። ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ተጨማሪ አረር የባሩዱን ቤት ከአንድ አስረኛ በላይ ይወስድበታል። ቤቱ ጠበበ፣ የሚገፋው ሸክም ከበደ፣ ከቱቦው ጋር የሚፋተገውም ገላ ረዘመ። ሦስቱም ግፊትን ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፉታል። «ለ200 ግሬን የተጻፈውን ትንሽ ቀንሼ ለ220 እጠቀምበታለሁ» የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል፤ እንዲያውም ክብደታቸው እኩል የሆኑ ሁለት አረሮች እንኳ ቅርጻቸውና ሥሪታቸው ከተለያየ አንዱ ባንዱ ሰንጠረዥ አይሞላም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የባሩድ ስምና ልክ የማልጽፈውም ለዚህ ነው። ልኩ የሚወሰደው ያንኑ አረር ከሠራው አምራች ወይም ከባሩዱ አምራች ሰንጠረዥ ነው፤ ከታችኛው መነሻ ይጀመራል፤ በትንሽ በትንሹ ይወጣል።

የቀለሃ ጥበት ከባድ ጠመንጃዎችንም አስቸግሯል። 458 ዊንቸስተር ማግነም በ1956 ሲወጣ፣ ለጎሽና ለዝሆን 500 ግሬን የሚመዝን አረር በአጭር ቀለሃ እንዲገፋ የታሰበ ነበር። ቀለሃው ለዚህ ሥራ ስለጠበበ ባሩዱ ተጨቁኖ ተሞላ፤ ተጨቁኖ የቆየው ባሩድም በአንዳንዶቹ ጥይቶች ውስጥ እየጓጎለ በአግባቡ መቃጠል አቃተው፤ ፍጥነቱ ከተባለው ወረደ። ባለሙያ አዳኞች ጎሽ ፊት ቆመው ነው ይህንን የተረዱት። ከዚያ በኋላ ረዘም ያለ ቀለሃ ያላቸው እንደ 458 ሎት ያሉ ጥይቶች ተፈላጊ ሆኑ። መፍትሔው በጠባብ ቤት ውስጥ የበለጠ ባሩድ መጨቆን አልነበረም።

እኔም ብሆን በዚህ ጉዳይ ላይ ንጹሕ አይደለሁም። ወጣት ሳለሁ አንድ ሙሉ የአደን ወቅት ረጅም አረር ለማረቅ ስታገል ከረምኩ። ባሩድ ለወጥኩ፤ መለኮሻ ለወጥኩ፤ ቀለሃውን በሚዛን ለየሁ፤ አረሩን አንዴ ገባ አንዴ ወጣ አድርጌ አስቀመጥኩ። ማስታወሻ ደብተሬ ሞላ። በመጨረሻ አንድ አዛውንት የጠመንጃ ጠጋኝ ደብተሬን አገላብጠው «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ተጽፎ የቱቦው ጥምዝ የት አለ?» አሉኝ። አልነበረም። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ልኬት ነበር የቀረኝ።

ያንን ልኬት እርስዎ ዛሬ ማታ ይሥሩት። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ ያረጋግጡና መዝጊያውን አውጥተው ያስቀምጡ። እጀታው ላይ በነጻ የሚሽከረከር የመወልወያ ዘንግ ይውሰዱ፤ ጫፉ ላይ ቱቦውን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ጨርቅ ያድርጉ። ዘንጉን ትንሽ ካስገቡ በኋላ ከላይ ፊቱ ላይ በቀለም ነጥብ ያኑሩ፤ ዘንጉ ከቱቦው ጠርዝ ጋር የሚገናኝበትንም ቦታ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ቀስ ብለው ይግፉ። ጨርቁ ጥምዙን እየተከተለ ዘንጉን ያዞረዋል። ነጥቡ አንድ ሙሉ ዙር ዞሮ ወደ ላይ ሲመለስ ያቁሙና ዘንጉ የተጓዘውን ርቀት ይለኩ። 305 ሚሊ ሜትር ከሆነ ባለ 12 ኢንች ነው፤ 254 ከሆነ ባለ 10። ጨርቁ ሊንሸራተት ስለሚችል ሦስት ጊዜ ይድገሙት፤ ከሦስቱ አንዱ ከሌሎቹ ረዝሞ ከተገኘ ያ የተንሸራተተው ነው። አረሩንም በካሊፐር ከጭራው እስከ ጫፉ ይለኩ። ጫፉ የፕላስቲክ ከሆነ ፕላስቲኩ ያለ ክብደት ርዝመት ስለሚጨምር ስሌቱ ከእውነቱ ትንሽ የከፋ ሊያሳይ ይችላል፤ የ1.02 ሰው ግን በዚህ ተስፋ አያድርግ።

ጥምዙ 12 ሆኖ ከተገኘ ምን ይሻላል? በእኔ አስተያየት በመጀመሪያ ራስዎን የሚጠይቁት ከባድ አረር ለምን እንደፈለጉ ነው። ለአደንና ለኢላማ አንድ አረር ማለትዎ ላይ ትንሽ እጣላዎታለሁ። ለውድድር የሚሠራው አረር ሽፋኑ ስስ ነው፤ እንስሳ ላይ ሲያርፍ ወይ ጠልቆ ሳይገባ ይፈረካከሳል ወይ ሳይከፈት ያልፋል፤ የትኛውን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። የአደኑ አረር ደግሞ እንዲከፈትና አንድ ላይ እንዲቆይ ተብሎ ነው የተሠራው፤ በወረቀት ላይ ትንሽ ቢበታተን አያሳፍረውም።

ለአደን ክብደት የሚፈለገው ጠልቆ ለመግባት ነው። እስከ 150 ሜትር ባለው ርቀት፣ በጫካ ውስጥ፣ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ ባለ 220 ግሬን አረር ይበቃል። ርዝመቱ 33 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ክብደቱ ከእርስዎው አረር ጋር አንድ፤ በባለ 12 ኢንች ጥምዝዎ የመረጋጋት ቁጥሩ ግን 1.7 ያልፋል። ሰባት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው ልዩነቱ! አየሩ ቶሎ ያደክመዋል፤ በ300 ሜትር አይመኩበት፤ በቅርብ ግን የታመነ ነው። ጠንቀቅ የሚሉት ሙሉ በሙሉ ከመዳብ ከተሠሩት አረሮች ነው። መዳብ ከእርሳስ ይቀላል፤ ስለዚህ በእኩል ክብደት የመዳቡ አረር ሁልጊዜ ይረዝማል። የመዳብ አረር ከፈለጉ በግሬን ዝቅ ይበሉ፤ ባለ 150 ወይም ባለ 165 ግሬኑ በጥልቀት ከእርሳሱ ባለ 180 ጋር ይፎካከራል፤ ስለማይፈረካከስ።

ለኢላማ ከሆነ ረጅም አረር የሚወደደው ነፋስ ብዙ ስለማያስተው ነው። ነገር ግን በ1.02 እየተወዛወዘ የሚበር አረር ያንን ጥቅም መንገድ ላይ ይጥለዋል፤ በሳጥኑ ላይ የተጻፈው የአየር መሰንጠቅ ችሎታ እውነት የሚሆነው አረሩ ሲረጋጋ ብቻ ነው። በባለ 12 ጥምዝ ባለ 168 ወይም ባለ 175 ግሬን የውድድር አረር ከእርስዎ ባለ 220 ይበልጣል፤ ፍጥነቱም ሻል ያለ ነው፤ አረሩ ቀላል ስለሆነ ትከሻዎም ያመሰግንዎታል። ከዚህ በላይ ካሉ ቱቦውን በባለ 10 ኢንች ማስቀየር ነው። ጥምዝ ከበዛ ቀላሉን አረር ያበላሻል የሚባለው ተጋንኗል፤ ስስ ሽፋን ያለው ቀላል አረር በከፍተኛ ፍጥነት ካልሾረ በስተቀር ጉዳቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ ቱቦ ለሚያስቀይር ሰው ምክሬ ወደ ፈጣኑ ጥምዝ እንዲያዘነብል ነው።

ግፊት በዛ የሚሉ ምልክቶችን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ ጣሪያውን ለማለፍ ያሰቡት «ምልክት ካየሁ እመለሳለሁ» ብለው ይመስለኛልና። የመለኮሻው ጠርዝ መጨፍለቅ፣ መዝጊያው ለመከፈት መጠንከር፣ በቀለሃው ቂጥ ላይ የሚያብረቀርቅ ክብ ጠባሳ፤ እነዚህ እውነተኛ ምልክቶች ናቸው። ሆኖም የሚመጡት ዘግይተው ነው። በብዙ ጠመንጃዎች ላይ መዝጊያው መጠንከር ሲጀምር ግፊቱ ከደንቡ ካለፈ ቆይቷል። የተሻለው ምስክር የፍጥነት መለኪያዎ ነው፦ ሰንጠረዡ ለዚያ ባሩድና ለዚያ የቱቦ ርዝመት ከሚያሳየው በላይ ፍጥነት ካዩ፣ ትርፍ ፍጥነቱ በነጻ አልመጣም፤ ቀለሃው ምንም ምልክት ባያሳይ እንኳ ያቁሙ። በቀዝቃዛ ማለዳ ጣሪያ የነካ ጥይት ደግሞ በጠራራ ፀሐይ በመኪና ውስጥ ሲሞቅ ጣሪያውን ይሰብረዋል። ወደ ታችም ቢሆን ገደብ አለው፤ ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድን ከሰንጠረዡ መነሻ በታች መቀነስ ያልታሰበ የግፊት መዝለል ሊያስከትል ይችላል።

በመጨረሻም አስቀድመው ሞልተው ያስቀመጧቸው ጥይቶች እንዳሉ ጽፈዋል። ሞቃት ቀን ጠብቄ ልጨርሳቸው አይበሉ፤ የተወዛወዘ አረር የት እንደሚያርፍ ማንም አያውቅም፤ ከኢላማው ጀርባ ያለው ግድብም ለቀጥተኛ አረር ነው የተለካው። ለ30-06 ባለቤቱ ወዳጅዎም አይስጧቸው፤ ቀለሃው ሌላ ነው። ባለ 10 ኢንች 308 ላለው ሰው መስጠትም አይገባም፦ አረሩ የተቀመጠው በእርስዎ ጠመንጃ ልክ ነው፤ በሌላው ጠመንጃ ማጉረሻ (ጥይቱ በሚገባበት የቱቦው መነሻ) ውስጥ ከጥምዙ መነሻ ጋር ተላትሞ ሊጨናነቅ፣ ግፊቱንም ሊያንረው ይችላል። በአረር መንቀያ አንድ በአንድ ይንቀሏቸው። አረሮቹ ካልተቧጨሩ ለዚያው ሰው ባዶ አረር አድርገው ያስረክቡት፤ እሱ በራሱ ጠመንጃ ከሰንጠረዡ መነሻ ጀምሮ ይሙላቸው። ከቀለሃዎቹ የወጣውን ባሩድ ከየትኛው ጣሳ እንደመጣ በእርግጠኝነት የሚያውቁ ከሆነ ብቻ ወደዚያው ይመልሱ፤ ጥቂት እንኳ ከተጠራጠሩ የአትክልት ቦታዎ ላይ ይበትኑት፤ ውስጡ ናይትሮጅን ስላለ ሣሩ አይጠላውም።